ከአሥራ አምስቱ አንዷ

በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ዓመታት ያሳለፈ ሰው ፊት ማንበብ የሚችል ይመስለዋል። ይህኛውም ይመስለው ነበር። በኋላ በር ይገባና ጉሮሮውን ጠርጎ «ትኬት ይታይ» ይላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሾፌሮቹም ከተሳፋሪዎቹም የሚያስታውሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠራው «ይታይ» እያለ ነው። እሱ እጅ አያይም፣ ዓይን ነው የሚያየው። መስኮት ላይ ተለጥፎ ሕንፃ የሚቆጥር አልቆረጠም። ሳይጠየቅ ትኬቱን የሚያውለበልብ የትናንቱን ነው የያዘው። ያን ሁሉ ጫጫታ ችሎ እንቅልፍ የወሰደውን ደግሞ ቀስቅሶ ማስወረድ ደስ ይለዋል።

ተቆጣጣሪዎቹ የትም ያልተጻፈ አንድ ደንብ አላቸው። «ቆርጬ ነበር፣ ጠፋብኝ» ያለና ጨርሶ ያልቆረጠ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይወርዳሉ። አንዳንዱ እውነትም እንደጠፋበት ይታይ አይክድም። ግን «ጠፋብኝ» ከሚሉት አብዛኞቹ ቀጣፊዎች ከሆኑ ለጥቂቶቹ ሲባል ሁሉ ይታለፍ እንዴ? አንድ ጊዜ ያስወረዳት ሴትዮ፣ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ትኬቷን ከካፖርቷ ገበር ውስጥ አግኝታ እያውለበለበች ስትሮጥ በኋላ መስታወት አይቷታል። ሻይ ቤት ገብቶ ይህንኑ ለጓደኞቹ እያሳቀ አወራላቸው። ያን ዕለትም ለጥ ብሎ ነው የተኛው።

የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እናታቸው ሌላ ከተማ ናት። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ልጅቷ ኮሌጅ ሲደርሳት፣ እናትየው መናኸሪያ ድረስ ሸኝታ የልጅቷን እጅ እጁ ውስጥ አስቀመጠችና «አደራህን፤ አስመርቀህ መልስልኝ» አለችው። አደራ ደግሞ ጥብቅ ነገር ነው። እስካሁን ሚስት ያላገባው በዚህ አደራ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ጎረቤቶቹ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጡታል፤ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ የጠጣ ሰው ሲነሣ የተፈተሸ ያህል ይሰማዋል ይላሉ።

እህቱ ሦስተኛ ዓመት እስክትገባ ድረስ ምንም አላስከፋችውም። በሦስተኛው ዓመት ግን አንዳንድ ነገር ዓይኑን ይቆረቁረው ጀመር። ጓደኞቿ ሁሉ ክፍል ናቸው በሚባልበት ጠዋት እሷ ቤት ናት። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ በፊቱ ትደፋዋለች። እሱ ያልገዛላት ጫማ እግሯ ላይ አየ። አንድ ምሽት ደግሞ የሹራቧ እጅጌ ላይ ነጭ ብናኝ ነበር። ጣቱን ሰዶ ሊነካው ሲል እጇን ሳብ አደረገችና አራገፈችው። ይታይ ወዲያው ዱቄት ነው አለ በልቡ፤ ዳቦ ቤት ተቀጥራለች። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚባለው ለእሱ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ የሥራ መመሪያ ነው።

በዚህ ላይ ጥቁር መነጽሩን ዝናብ ሲጥል እንኳ የማያወልቀው የሥራ ባልደረባው መጥቶ፣ እህቱን በሆስፒታሉ መስመር ረፋድ ላይ እንዳያት ነገረው። የሆስፒታሉ መስመርና ኮሌጁ ደግሞ ሆድና ጀርባ ናቸው። ብቻዋን ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀው። ብቻዋን ነበረች አለ ባለመነጽሩ፤ ትኬቷንም ቆርጣለች፣ እሱን አረጋግጫለሁ ብሎ አጽናናው።

ያን ምሽት እራት ላይ፣ እንደ ዘበት አድርጎ፣ በዚህ ሴሚስተር ምን ምን እንደምትማር ጠየቃት። እሷም ሳትደባብቅ ነገረችው። ኮሌጁ ስታትስቲክስና የውጭ ቋንቋ ሳይወስድ ማንንም አያስመርቅም፤ ሁለቱም ደግሞ የሚሰጡት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። እሷ ግን ሁለቱንም አትወስድም። ችሎታው ያለው አስቀድሞ ተፈትኖ ማለፍ ስለሚችል ዓመቱ ሲጀመር ተፈትና አልፋለች፤ ከሁለቱም ኮርሶች ነፃ ናት።

«ነፃ ነኝ» የሚለውን ቃል ይታይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው እሱ ነው የሚያውቀው። የሾፌር ሚስት ነፃ ናት። የፖሊስ ያጎት ልጅ ነፃ ነው። ማዘጋጃ ቤት የማያውቀው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነፃ ነው። «እሺ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ጉርሻውን አላመጠ፤ ሆዱ ግን አልተቀበለም።

በማግሥቱ ፈረቃው ሲያልቅ ወደ ኮሌጁ ሄደ። በሩ አጠገብ በመስታወት የተሸፈነ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የእህቱ ትምህርት ክፍል በሦስተኛ ዓመት መቶ ተማሪዎች እንዳሉት፣ በዚህ ሴሚስተር ስድሳዎቹ ስታትስቲክስ፣ ሃምሳ አምስቱ የውጭ ቋንቋ እንደሚወስዱ ተለጥፏል። ይታይ እዚያው ቆሞ ደመረው። ደግሞ ደመረው። ከዚያ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው እየተንቀለቀለ ቤቱ ገባ።

«መቶ ተማሪ ውስጥ መቶ አሥራ አምስት ተማሪ ከየት መጣ?» አላት። «እንደኛ አውቶቡስ ደራርበው ካልጫኑ በቀር። ይሄ ኮሌጅ ሲጀመርም የለም!»

እህቱ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ያን ጊዜ ገና መሳቅ ትችል ነበር። ሳቋ ሲበርድላት ከሱ ሥራ ተነሥታ አስረዳችው። አንድ አውቶቡስ ውስጥ ባርኔጣ ያደረጉትን ቆጥረህ፣ ቀጥለህ ዣንጥላ የያዙትን ብትቆጥር፣ ባርኔጣም ዣንጥላም ያለውን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ቆጠርከው ማለት ነው አለችው። ሰሌዳው ላይ ሦስተኛም መስመር ነበር፤ አላነበበውም እንጂ ሠላሳ ተማሪዎች ሁለቱንም ይወስዳሉ ይላል። እነዚያ ሠላሳ ስታትስቲክሱም ውስጥ ቋንቋውም ውስጥ ተቆጥረዋል። ከመቶ አሥራ አምስቱ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀነሱ ሰማንያ አምስት ሰው ይቀራል። ሰማንያ አምስቱ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ይወስዳሉ፤ አሥራ አምስቱ አንዱንም አይወስዱም።

«እኔ ከአሥራ አምስቱ አንዷ ነኝ» አለችው።

ገባው። እውነቱን ለመናገር ይታይ ደደብ አይደለም፤ ቶሎ ነው የገባው፣ መግባቱም አስደሰተው። ባርኔጣና ዣንጥላውን በነጋታው ለባለመነጽሩ አስተምሮታል። ግን ሰማንያ አምስቱን ሲተዋቸው አሥራ አምስቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀሩ። ሰማንያ አምስት ሰው ትኬቱን አሳይቶ፣ አሥራ አምስት ሰው «ነፃ ነኝ» ሲል ታየው። እስቲ ማንኛው ተቆጣጣሪ ነው አሥራ አምስቱን እንዲሁ የሚያልፍ?

ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ፣ ወንድም ይሁን አባት፣ ስለ አንድ ተማሪ ተማሪው ራሱ በሌለበት ለማንም እንደማትናገር ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። ይታይ አልተቀየማትም፤ የሙያ ጓደኛ መሰለችው። እሺ ስለ እሷ ተይው፣ በጅምላ ንገሪኝ አላት። እነዚያ አሥራ አምስቱ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ሴትየዋ ይህን መናገር የሚከለክላት ነገር አላገኘችም። ሦስቱ ፈተናውን አልፈው ነፃ የተባሉ ናቸው አለችው። አሥራ ሁለቱ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ናቸው፤ ስማቸው ዓመቱ እስኪያልቅ ስለማይሰረዝ ነው እንጂ የሉም። ደግሞ ፊቱን አይታ ይሆናል፣ እህትህን ይዘሃት ና፣ አብራችሁ ሆናችሁ ጠይቁ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው አለችው። አመስግኗት ወጣ።

የሁለት ደቂቃውን ሥራ አልሠራትም። በአውቶቡስ ሲመለስ መቀመጫ እያለ ቆሞ ያሰላ ነበር። አሥራ ሁለት ከአሥራ አምስት። ለሦስት ሲካፈል ከአምስት አራት። ከአምስት አራት ጊዜ እህቱ ውሸቷን ነው ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ ከዚህ ባነሰ ጥርጣሬ ስንቱን አስወርዷል። ጫማው፣ የተደፋው ስልክ፣ የሆስፒታሉ መስመር፣ ዱቄቱ ሁሉ ተሰልፈው መጡና ከስሌቱ ኋላ ቆሙ። አዘነ፤ ማዘኑስ አዘነ። ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ እርካታ ነበረው። እሱም የማወቅ እርካታ ነው፣ ከሁሉ የሚከፋው።

ቤት እንደገባ ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ልጅቷ ኮሌጁን አቋርጣለች።»

«እሷ ነገረችህ?» አለች እናቱ።

«አይ፣ አስልቼ ደረስኩበት።»

«እሺ፣ ልጄ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ይታይ ልቧ ተሰብሮ ነው ብሎ አሰበ። አደራ በላ የሚባለው ይሄኔ እኔ ነኝ አለና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ እህቱን ጠበቃት።

እህቱ ስትገባ መሽቷል። እጅጌዋ ላይ ያ ነጭ ነገር ነበረ። ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የጀመራት።

«መቼ ነው ያቋረጥሽው?»

«ምኑን?»

«ኮሌጁን ነዋ። አሥራ አምስት ናችሁ። ሦስቱ ነፃ የተባሉ ናቸው፣ አሥራ ሁለቱ ጥለው የሄዱ። ከአምስት አራት ማለት ነው። የተማርኩት ካንቺ ነው። ለእማዬም ነግሬያታለሁ።»

አልጮኸችም። ይታይ ያልጮኸ ሰው ጥፋተኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለሆነ ይህንንም መዘገበው። እሷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ውኃ ቀድታ ጠጣች፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስሌቱ ልክ ነው» አለችው። «ከአሥራ አምስቱ መካከል ዓይንህን ጨፍነህ አንዷን ብታወጣ፣ ስሟን የማታውቃት፣ መልኳን አይተህ የማታውቅ፣ አዎ ከአምስት አራት ነው። እኔም ብጠየቅ እንደዚያ ነበር የምመልሰው። እኔን ግን ዓይንህን ጨፍነህ አይደለም ያወጣኸኝ፣ ወንድም ጋሼ። አዝለህ ያሳደግኸኝ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን ዋሽቼህ አውቃለሁ? እሱን የቱ ጋ ደመርከው?»

ይታይ ፈለገ። ከልቡ ፈለገ፤ አንዲት ውሸት ባገኝ ብሎ እስከ ሕፃንነቷ ድረስ ወረደ። ያገኘው አንድ የተሰበረ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እሱንም እሱ ሳያየው በፊት ራሷ መጥታ እያለቀሰች ነግራዋለች።

ቀጠለች። ፈተናውን ያለፉትን ኮሌጁ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ቲቶሪያል እንዲያስጠኑ ቀጥሯቸዋል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ግቢ ከከተማው ማዶ ነው፤ የሆስፒታሉ መስመር ነው የሚወስደው። ጫማው ከመጀመሪያ ደመወዟ ነው። እጅጌዋን ዘርግታ አፍንጫው ሥር አደረገችለት። ጠመኔ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህ የተማሪዎቼን ስም ትጠይቀኛለህ። ስማቸውን ብነግርህ በራቸው ላይ ትቆማለህ።»

ይህን ስትል ስልኳ ጮኸ። እናታቸው ነበረች። ሴትየዋ ስልክ ላይ ስታወራ ጮክ ብላ ስለሆነ ማዳመጫውን ጆሮ ላይ ማድረግ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቃል ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ስለ ኮሌጅ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ወንድምሽ ምን ሆኗል?» ነው ያለችው። «አንቺን የሚያህል ልጅ አቋረጠች ብሎ ደወለልኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁበት። ታሞ ነው? ትኩሳት አለው? አትደብቂኝ።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ይታይ ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ፤ መስኮት ቢኖር መስኮቱ ላይ ይለጠፍ ነበር።

«ደህና ነው እማዬ» አለች። «ሥራ በዝቶበት ሁለት ቀን አልተኛም ነበር፣ ተምታቶበት ነው። አሁን አረፍ ብሏል።»

ትናንትም ከትናንት ወዲያም ለጥ ብሎ ተኝቷል። ልጅቷን አዝሎ ካሳደጋት ጀምሮ ስትዋሽ የሰማት ይህንን ብቻ ነው፤ የዋሸችውም ለእሱ ብላ ነው። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አፈረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንድ የደበቅሁህ ነገር ግን አለ» አለችው። «እሱን አላገኘኸውም። ለሚያስጠኑ ተማሪዎች ዶርም ይሰጣል። አመልክቼ ነበር፣ ዛሬ ደረሰኝ። ልግባ አልግባ ብዬ መንገድ ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁን የማስበው ነገር የለም። እገባለሁ።»

ለመናት። ሁለተኛ አልጠይቅሽም አለ፣ ምንም አላይም አለ፣ በእናታቸው ስም ማለ። እሷም አመነችው፤ ቢያንስ እንደዚያ ማሰቡን አመነችው። በማግሥቱ እሑድ ስለነበረ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ ሰብስባ ጨረሰች። ሻንጣውን ተሸክሞ ደረጃውን አብሯት ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። አድርጌልሃለሁ አለችው፤ እውነቷን ነበር፣ እሱም እውነቷን እንደሆነ አወቀ። ፌርማታው ላይ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እንደ ድሮው ሆኑ፤ በመስመሩ መዘግየት ቀለዱ፣ ስለ እናታቸው ጉልበት አወሩ። ይታይ ልቡ ትንሽ ተመለሰለት።

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ «ዶርምሽ የትኛው ሕንፃ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ክፋት አልነበረውም። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ረስታዋለች፣ ሊያመጣላት ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ሳይጨርስ ልቡ ከአፉ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ሴቶች ብቻ ናቸው የሚኖሩበት? በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? አብራት የምታድረው ማን ናት? ደግሞስ እውነት ዶርም ነው?

እህቱ አየችው። ፊት ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ይመስለው ነበር እንጂ፣ እሷም በዚህ ፊት ሥር ነው ያደገችው።

የሕንፃውን ቁጥር ነገረችው። የክፍሏንም ነገረችው። ከዚያ ሳይጠይቃት፣ «የዶርሞቹ ኃላፊ የምትገኘው ከሰዓት በኋላ ነው» አለችው። «ሰኞም ቢሆን አለች። ወንድሟ ነኝ በላት፣ የእኔን ስም ታሳይሃለች። ነግሬያታለሁ።»

«መቼ ነው የነገርሻት?»

«ዛሬ ጠዋት ደውዬ። እንዳትቸገር ብዬ ነው።»

ምሬት አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። ጉንጩን ሳመችው፣ ሻንጣዋን ተቀበለችው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገባችና በመስታወቱ እጇን አውለበለበችለት።

ሰኞ ዕለት ይታይ ፈረቃ አልነበረውም። ቤቱ ሊውል ወሰነ። ጠዋት ልብሱን አጠበ፣ ቤቱን ጠረገ፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በሩ አጠገብ አስቀመጠና ቅዳሜ ራሷ ስትመጣ ትወስደዋለች ብሎ ለራሱ ነገረው። ምሳውን በላ። እሷን ማመኑን፣ ከአሥራ አምስቱም ከመቶውም መካከል እሷን ብቻ ማመኑን ለራሱ ደጋግሞ አረጋገጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጫማውን እያሰረ ነበር።